ምን ልበለው ታዲያ

ቤተ ሙከራው ውስጥ ስሙ ጆሮ ነው። ስሙን ያወጣችለት አብራው የምትመራመር ልጅ ናት፤ እሷም በበኩሏ ቫዮሊን ስለምትጫወት ቫዮሊን ተብላ ቀርታለች። እሱ ከጠዋት እስከ ማታ ማዳመጫ አናቱ ላይ ደፍቶ ስለሚውል፣ ሰው ሲያናግረውም አንዱን ወገን ብቻ ገለጥ አድርጎ «እ?» ስለሚል፣ ሌላ ስም አልተገኘለትም። አልከፋውም። ቅጽል ስም ካልቀረ በሥራ መሰየም ይሻላል ባይ ነው።

ቤተ ሙከራ ሲባል ብልቃጥና ጭስ የሚታየው ሰው ካለ ይሳሳታል። ከደረጃ ሥር ያለች ክፍል ናት። ግማሿን ጠረጴዛና ኮምፒውተር ይዞታል፤ በቀረው ግማሽ ውስጥ ግድግዳዋ በሙሉ ስፖንጅ የለበሰ፣ በሯ እንደ ፍሪጅ በር የወፈረ፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ሌላ ክፍል ቆማለች። ለጥናቱ የመጣ ሰው እዚያች ውስጥ ይገባና በሩ ይዘጋበታል። ማዳመጫ ያጠልቃል። የሰማውን ከአንድ እስከ አምስት ባሉ ቁልፎች ይመዝናል። አንድ ማለት «ይህ ንግግር ነው» ማለት ነው፤ አምስት ደግሞ «ይህ ዘፈን ነው»። መሀል ላይ ያሉት ላመነታ ሰው የተተዉ ናቸው። ደረጃው ላይ ሰው ከሮጠ ሥራው ስለሚበላሽ በሩ ላይ «ጸጥታ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ከሥሩ አንድ ቀልደኛ «ጆሮ ተኝቷል» ብሎ ጽፎበታል።

የጆሮ ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ነው። አንድ ሰው በተራ ወሬ መሀል ከተናገረው ነገር አንዲት ቁራጭ ትወሰዳለች። ቁራጯ ሳትፈጥን፣ ሳትዘገይ፣ ምንም ሳይጨመርባት ደጋግማ ትሰማለች። መጀመሪያ ላይ ንግግር ናት። ጥቂት ከተደጋገመች በኋላ ግን ያቺው ቁራጭ መዝፈን ትጀምራለች። ድምፁን ማንም አልነካውም፤ የተለወጠው ሰሚው ነው። ታዲያ ሙዚቃ የተማረ ሰው ከንግግር ወደ ዜማ የሚያሻግረውን ድንበር ካልተማረው ቀድሞ ያልፈው ይሆን? ጆሮ ለሁለተኛ ዲግሪው የሚጽፈው ይህንኑ ነበር።

ችግሩ፣ ቁራጮቹ አልዘፍን አሉ። ድምፃቸው ያማረ፣ አነጋገራቸው የጠራ ተማሪዎችን ለምኖ ዐረፍተ ነገር እያስነበበ ቀዳ። ቢደጋግመው፣ ቢደጋግመው ያው ንባብ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት። ተስፋ ቆርጦ አማካሪው ዘንድ ሲሄድ ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ሁሉንም አዳመጡለት።

«ልጄ፣» አሉት በመጨረሻ፣ «እነዚህ ሰዎች እያነበቡ ነው። የሚያነብ ሰው ለማንም አይናገርም። ለአንድ ሰው ተብሎ የተነገረ ነገር አምጣ። ቁጣም ይሁን ልመና፣ ግድ የለኝም። ብቻ የሚደርሰው ሰው ያለው ቃል ይሁን።»

ያ ቃል የመጣው በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ በስልኩ ነው።

ላኪዋ እትዬ ነበረች፣ ታላቅ እኅቱ። እናታቸው ስትሞት ጆሮ ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነበር። አባታቸው ደግሞ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ስለነበር ዕድሜውን የፈጀው ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው። ጆሮን አጥባ፣ አብልታ፣ ቆጥታ ለዚህ ያበቃችው እትዬ ናት። ያን ያደረገችው ከልብስ ስፌት መኪናዋ ሳትነሣ፣ በእግሯ ፔዳል እየረገጠች፣ በአፏ መርፌ ቁልፍ ነክሳ ነው። አሁን አባትየው ጡረታ ወጥቶ እሷው ዘንድ ተቀምጧል። ጉልበቱ ከድቶታል፤ ትናንትን ከዛሬ መለየትም እያቃተው ነው። አንድ ነገር ብቻ አይጠፋበትም፤ ቅዳሜ። ቅዳሜ ልጁ ይመጣል።

ይመጣ ነበር፤ ከሌላ ከተማ፣ በአውቶቡስ፣ ግማሽ ቀን በሚፈጅ መንገድ። ጥናቱ ሲጀመር ግን ለሙከራው የሚፈለጉት ሰዎች ሁሉ ሥራ የሚፈቱት ቅዳሜ ሆነ። መጀመሪያ አንዱን ቅዳሜ ቀረ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ከዚያ በኋላ መቅረቱ ልማድ፣ መምጣቱ ወሬ ሆነ።

መልእክቱ በእትዬ ድምፅ የተቀዳ ነው፤ ከኋላ የስፌት መኪናው ዝም ብሏል።

«አንተ ልጅ፣ ስልክህን ለምንድነው የማታነሣው? አባባ ከጠዋት ጀምሮ ሸሚዙን ቀይሮ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ቅዳሜ ይመጣል ብዬዋለሁ። ምን ልበለው ታዲያ?»

ጆሮ ይህን የሰማው ማዳመጫውን እንዳጠለቀ፣ በሁለት ሰዎች ሙከራ መሀል ነው። መጀመሪያ ሲሰማው ሆዱ ባባ። ሁለተኛ ሊሰማው የደገመው ከዚሁ ከሆዱ መባባት የተነሣ ነበር፤ ይህን ማንም ሊነፍገው አይገባም። ሦስተኛውን የደገመው ግን በሌላ ምክንያት ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ነገር ጆሮውን ያዘችው። «ምን» ዝቅ ብላ ትጀምራለች፤ «ልበለው» ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ከፍ፣ ከፍ ይላል፤ «ታዲያ» ደግሞ እጁን ከትከሻ ላይ እንደሚያወርድ ሰው ቀስ ብላ ትወርዳለች። ጣቱ ከእሱ ቀድሞ ሠራ። ቁራጯን ከመልእክቱ ላይ ቆረጠ፣ ጫፍና ጫፏን አስተካከለ፣ አስደጋገማት።

ዘፈነች።

«ቫዮሊን! ነይማ፣ ነይ፣ ነይ!» ብሎ ማዳመጫውን ራሱ አጠለቀላት።

ቫዮሊን ጥቂት አዳመጠችና ፊቷ በራ። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቃ፣ ያለ ማዳመጫ፣ ዜማውን ሳትስት አንጎራጎረችው።

«ከየት አመጣኸው ይሄን?»

«ከ... ተቀድቶ የተቀመጠ ነገር ነው።»

«አምስት ነው። ስድስት ካለህ ስድስት ስጠው።»

ያን ቀን ደስታው ወሰን አልነበረውም። ቁራጯን ከሌሎቹ ጋር መደባትና «ድምፅ ዐሥራ አራት» ብሎ ሰየማት። ለእትዬ መልስ አለመስጠቱ ትዝ ያለው በማግሥቱ ቁርስ ላይ ነው። ያኔ ደግሞ ቅዳሜ አልፏል። «ምን ልበለው» ላለች ሴት ባለፈ ቀን ምን ይሏታል? ነገ እደውላለሁ አለ። ዝምታ እንደ ሊጥ ነው፤ በቆየ ቁጥር እያበጠ ከዕቃው ይወጣል። እትዬም ሌላ መልእክት ላከች፤ አጭር፤ «ደህና ነህ ወይ?» የሚል። «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሎ ጻፈላት። እውነቱን ነው፤ ሥራ በዝቶበት ነበር። ሥራው እሷ ነበረች።

ምክንያቱም ጥናቱ ነፍስ ዘራ። ሰዎቹ ወደ ስፖንጇ ክፍል በየተራ እየገቡ ወጡ። ሌሎቹን ቁራጮች ሦስት፣ አራት እያሉ ሲመዝኑ፣ ድምፅ ዐሥራ አራት ላይ ሲደርሱ ግን ሙዚቃ የተማረውም ያልተማረውም ወደ አምስት ይሮጣል፤ የተማረው ቀድሞ፣ ያልተማረው ጥቂት ቆይቶ። ጆሮ የፈለገውም ልዩነት ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ እዚያች ላይ ጎልቶ ወጣ። ጽሑፉ የቆመው በአንድ እግሩ ነበር ቢባል ይቀላል፤ እግሩም እሷው ናት።

ከዚያ ደግሞ ዜማዋ ከክፍሉ ወጣች። ተፈታኞቹ ደረጃውን ሲወጡ እያፏጩ ይወጣሉ። ቫዮሊን ሻይ ስትቀዳ ታንጎራጉራታለች። የሕንጻው ጥበቃ ሳይቀር በሩን ሲከፍት ቃሉን ሳያውቀው በአፍንጫው ይላታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እትዬም ሩቅ ከተማ ላይ ጨርቅ እየቀደደች፣ ጭንቀቷ በማታውቀው ኮሪደር መዝናኛ መሆኑን አልሰማችም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ሦስት አራት ሆነው ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆመው ሳለ፣ ረጅሙ ተማሪ ጆሮን በክንዱ ጎሸም አደረገው።

«ስማ እንጂ ጆሮ፣ ይህቺን ሴት የት ነው ያገኘሃት? አስተዋውቀኝ። እንዲህ እየዘፈነች የምትጠይቀኝ ሚስት ብትኖረኝ በየቀኑ አመሽ ነበር።»

ሁሉም ሳቁ። ጆሮም ሳቀ።

«አላውቃትም፣» አለ።

ሳቁ ገና ፊቱ ላይ ሳለ ገባና ማዳመጫውን አጠለቀ። ድምፅ ዐሥራ አራትን ከፈታት፤ እትዬን ሊሰማት ፈልጎ። ብዙ ሞከረ። ዝቅ ያለችው «ምን»፣ ደረጃ የሚወጣው «ልበለው»፣ የምትወርደው «ታዲያ»። ዜማ፣ ዜማ፣ ዜማ። ጥያቄዋ የለችም። ሙሉውን መልእክት ከስልኩ ላይ ከፍቶ ከመጀመሪያው ሲሰማው እንኳ እትዬ እስከ «ብዬዋለሁ» ድረስ ትናገራለች፤ እዚያ ስትደርስ ዘፈን ትጀምራለች። ይህ መሆኑን ከመጻሕፍቱ አንብቧል፤ አንዴ ዘፈን ሆና የተሰማች ቁራጭ ወደ ንግግርነቷ መመለስ ይቸግራታል። ማንበብና በገዛ እኅት መፈተን ግን የተለያዩ ናቸው።

በሳምንቱ መጨረሻ ፕሮፌሰሩ ጠሩት። ውጤቱን እያዩ ደስ ብሏቸዋል።

«ዐሥራ አራት ድንቅ ናት። ማን ናት?»

«አንዲት... ፈቃደኛ ናት፣ ፕሮፌሰር።»

«የፈቃድ ወረቀቷን ከሌሎቹ ጋር አላየሁትም።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ላይ አወረዱና በመነጽሩ ውስጥ አዩት።

«የሰው ድምፅ የሰው ነው። ሰኞ ፈርማ ታምጣ፤ ካልፈረመች አውጣት። ያለ እሷ ጽሑፉ ይቀጥናል፤ ይቅጠን። ስትነግራትም አሰማት። ሳትሰማ የፈረመች አልፈረመችም።»

እንግዲህ ጆሮ ወደ ቤቱ የሄደው እንዲህ ሆኖ ነው። ቅዳሜ ማለዳ፣ ማዳመጫውንና ላፕቶፑን በጀርባ ቦርሳው ይዞ፣ የፈቃድ ወረቀቱን እንዳይጨማደድ መጽሐፍ መሀል ከቶ። አውቶቡሱ ውስጥ ከመስኮቱ ጋ ተቀምጦ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ዋለ። «እትዬ፣ ናፍቀሽኝ መጣሁ» ይልና ከዚያ ወረቀቱን እንደ ድንገት ያወጣዋል። ወይስ ወረቀቱን አስቀድሞ? ናፍቆቱም እውነት ነበር፤ ወረቀቱ ባይኖር ግን ናፍቆቱ ብቻውን አውቶቡስ ላይ አያሳፍረውም ነበር። ይህን ያውቃል። ማወቁ ነበር መንገዱን ያረዘመበት።

የእትዬ ቤት መግቢያው ሱቅም ነው። መስቀያው ላይ የሰው ልብስ ግማሹ እጅጌ ሳይገባለት ተንጠልጥሏል፤ ወለሉ ላይ የክር ጫፍና ቅዳጅ ጨርቅ አለ። እትዬ ሜትር አንገቷ ላይ ጥላ፣ አንዲት ቀሚስ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። ቀና ስትል አፏ መርፌ ቁልፍ ነክሷል። አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካቻቸው።

«ምነው፣ ተሳስተህ ነው ወይስ አውቶቡሱ ተሳስቶ?»

«እትዬ...»

«ና ወዲህ፣ ደርቀሃል። ምን እየበላህ ነው? መጽሐፍ?» አንገቱን ይዛ ሳመችው፣ ደጋግማ። ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ዞራ፣ «አባባ! አላልኩህም? ይኸው መጣልህ!» አለች። ድምፅዋ ላይ እንደ መርታት ያለ ነገር ነበር፤ ብዙ ጊዜ ተጠርጥሮ ዛሬ እውነቱ እንደወጣለት ሰው።

አባትየው መስኮቱ ጋ፣ ትራስ በተደገፈበት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ጢሙ ተላጭቷል። ዐይኖቹ ግን ቀልተዋል፤ ቆባቸው ከብዶ በግድ የተያዘ ይመስላል። ጆሮን ከላይ እስከ ታች አየው፤ መጀመሪያ ቦርሳውን፣ ቀጥሎ ፊቱን።

«ግባ፣ ግባ፤ ወደ ውስጥ ጠጋ በል፣ ከኋላ ቦታ አለ፣» አለ። ከዚያ በራሱ ቀልድ ፈገግ አለና እጁን ዘረጋ። «ልጄ ነህ። አወቅኩህ።»

ጆሮ እጁን ይዞ አጠገቡ ተንበረከከ። አባትየው እጁን አልለቀቀውም።

«ባለፈው ስትመጣ፣» አለ አባትየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እትዬ እንዳትሰማ ይመስል፣ «ተኝቼ ነበር አሉ።»

ጆሮ አልገባውም። «መቼ፣ አባባ?»

«ባለፈው። ከዚያም በፊት። መጥተህ ሳለ ተኝቼ ነበር፤ ብዙ ቁጭ ብለህ ጠብቀህ ሄድክ አሉኝ። አፈርኩ። ለምን አልቀሰቀስከኝም?» እጁን ጨበጥ አደረገው። «ይቅር በለኝ። ሠላሳ ዓመት መሪ ይዤ ዐይኔን ሳልከድን ኖሬ፣ በመጨረሻ ልጄን ተኝቼ አሳለፍኩት። አሁን ግን ትቻለሁ። ቀን አልተኛም። ጠይቃት፣ አልተኛም።»

ጆሮ በተከፈተው በር ወደ እትዬ አየ። እትዬ ቀሚሱ ላይ አቀርቅራለች። መርፌ ቁልፎቹን ከደረቷ እየነቀለች መልሳ አፏ ውስጥ ትከታለች፤ ሰው እንዳያናግራት።

ተነሥቶ ወደ እሷ ሄደ።

«ምንድነው ያልሽው?»

«ቀስ በል፣ ይሰማል።» ቁልፎቹን አወጣች። «ምን ላድርግ? ምን ልበለው ብዬ ጠየቅኩህ። መልስ ባጣ የራሴን አልኩት። መጀመሪያ ፈተና አለው አልኩት፤ እሺ አለ። በሚቀጥለው መንገዱ ተበላሽቷል አልኩት፤ ያን መንገድ ደግሞ እሱ እንደ መዳፉ ነው የሚያውቀው፣ የቱ ጋ ነው የተበላሸው፣ ከድልድዩ ወዲህ ነው ወዲያ ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። ሳቄም ልቅሶዬም መጣ። በሦስተኛው ጨነቀኝ። እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ሲነቃ፣ ተኝተህ ሳለ መጥቶ ሄደ አልኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነው። ልጁ አልረሳውም ማለት ነው ብዬ።» ቀሚሱን ገለባበጠችው። «ከዚያ ወዲህ ቀን አይተኛም። ሐኪሙ ዕረፍት ያስፈልገዋል ይላል፤ እሱ ዐይኑን በጣቱ ደግፎ ይቀመጣል። ውሸቴን ልግለጠው ብል አንተን ማጋለጥ ሆነብኝ።»

ጆሮ አውቶቡስ ውስጥ ያዘጋጀውን ትቶ ቦርሳውን ከፍቶ ማዳመጫውን አወጣ፤ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ከመቀሱና ከጠመኔው አጠገብ አስቀመጠው።

«እትዬ፣ ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ነው።»

ነገራት። ስለ ቁራጮቹ፣ ስለ ስፖንጇ ክፍል፣ ከአንድ እስከ አምስት ስለሚመዝኑት ሰዎች፣ ስለ መልእክቷ፤ ሳይመልስላት ስለቆረጣት። እትዬ የሰው ልብስ ልክ ስትወስድ እንደምትጠነቀቀው በትኩረት ሰማችው፤ ዐይኗ ከአፉ ሳይነቀል።

«አሰማኝ፣» አለች።

አጠለቀላት። ሜትሩ ከአንገቷ ላይ ከማዳመጫው ገመድ ጋር ተጠላለፈ፤ እሷው ለየችው። ከአንድ እስከ አምስት ያሉትን የላፕቶፑን ቁልፎች አሳያት። ቁራጯ መደጋገም ጀመረች። ጆሮ ፊቷን ያይ ነበር፤ ተፈታኞቹ ሁሉ ላይ የሚያውቀውን ያንን ቅጽበት፣ ዜማው የሚመጣበትን፣ ቅንድብ ቀለል የሚልበትን ሲጠብቅ። እትዬ አንድን ተጫነች። ደገመ፤ አንድን ተጫነች። ደግሞ፣ ደግሞ፤ አንድ፣ አንድ። ጣቷ ከዚያች ቁልፍ ላይ አልተነሣም። እስከ መጨረሻው።

አወለቀችው።

«የት ጋ ነው የሚዘፍነው?»

«ለሁሉም ይዘፍናል፣ እትዬ።»

«ለኔ አልዘፈነም። እኔ ነኝ። እየጠየቅኩህ ነው፤ ደግሜ ደጋግሜ።» ማዳመጫውን በሁለት እጇ ይዛ አየችው፤ መጠኑ የተሳሳተ ልብስ እንደምታይ። «ሰዎቹስ ምን አሉ?»

«ወደዷት። ያንጎራጉሯታል። ማን ናት ብለው ጠየቁኝ። አንድ ረጅም ልጅማ ሚስት ትሁነኝ፣ አስተዋውቀኝ አለኝ።»

«እና?»

ይህን ባይናገረው ማንም አያውቅበትም ነበር። «አላውቃትም አልኩ።»

እትዬ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ጠመኔውን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«መቁረጥህ አልከፋኝም፣» አለች። «እኔም የሰው ጨርቅ ስቆርጥ ነው የምውለው። ይኼኛው ግን...» አልጨረሰችውም። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር፤ ቁጣዋን ከልጅነቱ ያውቀዋል፣ መውጫ መውጫውን ለምዶታል።

«አወጣታለሁ፣» አለ። «ሰኞ አወጣታለሁ፤ ጽሑፉ ይቅጠን።»

«ማን አውጣ አለህ? ከጠቀመህ ይጥቀምህ። ለዚህ ስትማር አይደል የኖርከው?» በአገጯ ወደ ውስጠኛው ክፍል ጠቆመች። «መጀመሪያ ግን እዚያ ገብተህ ንገረው። እኔ የሰፋሁትን እኔ ብፈታው እሱ አያምነኝም። አንተ ፍታው።»

ጆሮ ገባ። አባትየው ጭንቅላቱ ወደ ፊት ሲደፋ ደንገጥ ብሎ ቀና አለ።

«አልተኛሁም፣» አለ ቶሎ።

«አውቃለሁ፣ አባባ።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አባባ፣ ባለፈው አልመጣሁም። ከዚያ በፊትም አልመጣሁም።»

«አልመጣህም?»

«አልመጣሁም። ተኝተህ አላሳለፍከኝም። ነቅተህ እየጠበቅከኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የቀረሁት። እትዬ እንዳይከፋህ ብላ ነው እንዲያ ያለችህ።»

አባትየው ይህን ቀስ አድርጎ አሰበው። በመስኮቱ ወደ መንገዱ አየ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ የመጣው ኀዘን መስሎ ነበር፤ ጆሮም ለዚያ ራሱን አዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን የመጣው ሌላ ነው።

«እንግዲህ አውቶቡሱ አላመለጠኝም፤» አለ፣ «አውቶቡሱ ነው ያልመጣው።»

«አዎ፣ አባባ።»

«ጥፋቱ የኔ አይደለም።»

«አይደለም። የኔ ነው።»

«የኔ መስሎኝ እኮ...» በረጅሙ ተነፈሰ፤ የተሰበሰበ ትከሻው ወርዶ ቦታው ላይ ዐረፈ። «እንዲያ በለኝ። እንዲያ በለኝ እንጂ፣ አንተ ልጅ።» የልጁን ጉልበት ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገና ወደ ትራሱ ደገፍ አለ። ሌላ ነገር ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ ግን ዐይኖቹ ቀደሙት። ወዲያው ትንፋሹ ረዘመ። ሲጠብቅ የከረመ እንቅልፍ አንድ ላይ መጣበት።

ጆሮ ይህን ያህል ቀላል ይሆናል ብሎ አልጠበቀም። ከቁጣ ይልቅ የከበደውም ይኸው ነው። አባቱ የተገላገለውን ሸክም ሲያራግፍ አየ፤ ሸክሙ ግን የት እንዳረፈ ያውቃል፤ ለማንም ሊያሻግረው አይችልም፤ አልፈለገምም።

ወደ ሱቁ ሲመለስ እትዬ ወረቀቱን ከመጽሐፉ መሀል አውጥታ እያነበበችው ነበር። እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ በትልልቅ ፊደሏ ፈረመችና በሁለት ጣቷ ይዛ ሰጠችው፤ ጫፉ ላይ የጠመኔ አሻራ ቀረበት።

«ለረጅሙ ልጅም ንገረው፣» አለች፣ «ባል አልፈልግም አለች በለው።»

ጆሮ ወረቀቱን ተቀበላት። «ማን እንደሆንሽም እነግረዋለሁ። ለሁሉም። ሰኞ።»

እትዬ ቀሚሱን መኪናው ሥር አስገብታ መስፋት ጀመረች። ጆሮ ወረቀቱን መጽሐፉ ውስጥ፣ መጽሐፉን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። የመጣበት ነገር ተፈጽሟል። የመመለሻው አውቶቡስ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ጥላውም ከመስኮቱ ወርዶ ወለሉን ይዟል። ልማድ ሆኖበት ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠለጠለ፤ ከዛሬ ያሸጋገራቸው ሁለት ተፈታኞች ነገ ከሰዓት በኋላ ይጠብቁታል፤ በዚያም ላይ ጽሑፉ አለ። በበሩ በኩል ወደ አባቱ አየ። አፉ ገርበብ ብሎ፣ እጆቹ መሪ ይዘው እንደነበሩ ጉልበቱ ላይ ክፍት ሆነው፣ ተኝቷል።

የእትዬ እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ። ወደ ቦርሳው አየች፤ ወደ አባቷ አየች።

«ሲነቃ፣» አለች፣ «ምን ልበለው ታዲያ?»

መጀመሪያ የመጣው ዜማው ነበር። ዝቅ ብሎ ጀመረ፣ ደረጃውን ወጣ፣ ቀስ ብሎ ወረደ፤ በደረጃ ሥር ባለችው ክፍል እንደሚሰማው፣ በጥበቃው አፍንጫ እንደሚባለው። ጆሮ ዐይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ዜማው አለቀ፤ መኪናው ዝም ብሏል፤ የሚደግመው ማንም የለም። ቃሉ ዘግይቶ፣ ራቁቱን ደረሰው። ሰው ናት፤ እየጠየቀችው ነው።

ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ መስቀያው ላይ፣ ከእጅጌ አልባዎቹ ልብሶች መሀል ሰቀለው።

«ምንም አትበዪው፣» አለ። «እዚሁ ነኝ።»

ገብቶም ወንበሩን ወደ አባቱ ጠጋ አደረገና ተቀመጠ። ከኋላው፣ ጥቂት ቆይቶ፣ መኪናው መስፋት ጀመረ።